ስምንት ሣጥንና አንዲት ዶሮ

ሰልፉ የሳባኪን ወንዝ ከጀርባው ጥሎ ወደ ደረቁ ቁጥቋጦ ሲገባ ፀሐይዋ ገና የኮኮናቱን ዛፎች ወገብ አልደረሰችም። ከፊት ፌዝ የሚባል ቀይ ቆባቸውን የደፉ አስካሪዎች፣ ማለትም የመንግሥት ወታደሮች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሁሉም ብዋና የሚለው የቡሽ ባርኔጣ ያጠለቀ ነጭ ሹም፣ ከዚያ ስምንት ሣጥን በአጣና አንጠልጥለው ሁለት ሁለት ሆነው የተሸከሙ አሥራ ስድስት ሰዎች፣ ከኋላ ደግሞ የተወረሱ ዶሮዎችን በቅርጫት የያዙ ሌሎች አስካሪዎች ይሄዳሉ። ከሣጥኖቹ ጎን፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ የሚለው ሰው ቶያ ዋ ካሉሜ ነው። ማዕረጉ የተሸካሚዎች አለቃ ሲሆን፣ ማዕረጉን ካገኘ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱኑ ግን ደጋግሞ ጠይቋል።

«ውስጡ ምንድን ነው ሻውሽ?»

«የመንግሥት ዕቃ።»

«የመንግሥት ምን ዕቃ?»

«የመንግሥት ከባድ ዕቃ» አለው ሻውሽ ፈረጀላ። የአስካሪዎቹ ሃምሳ አለቃ፣ ሱዳናዊ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሃያ ዓመት ያሳለፈ፣ ብዙ የማይናገር ሰው።

ቶያን ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ምን እንደሚያደርገው ግልጽ ነው። የወትሮ ሥራው ከኮኮናት ዛፍ አበባ የሚንጠባጠበውን ጠጅ ማውረድ ነው። ጧትና ማታ እየወጣ የአበባውን ዘንግ ይቆርጣል፣ ቅሉን ያስራል፣ የሞላውን ያወርዳል። ሥራው ለእሱ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ከፍታ ሆኖ የማን ፍየል እንደወለደች፣ የማን ሚስት ዕቃዋን ጠቅልላ እንደወጣች፣ የትኛው ሽማግሌ ከጎተራው ጀርባ ተደብቆ ሥጋ እንደሚበላ ያያል። ጎረቤቶቹ ቶያ ጠጁንም ወሬውንም አብሮ ያወርዳል ይሉት ነበር። የተያዘውም በዚሁ ጠባዩ ነው። አስካሪዎቹ ተሸካሚ ሊያፍሱ መንደሩ ውስጥ ሲገቡ ወንዱ ሁሉ ወደ ቁጥቋጦው ነካው። እሱ ግን በፌዙ ጫፍ ላይ የሚወዛወዘው ነገር ክር ይሁን የፈረስ ጭራ ለመለየት ከዛፉ ላይ አንገቱን ሲያሰግግ፣ ከታች ሦስት ጠመንጃ ተደግኖ ጠበቀው።

«ክር ነው» አለው ሻውሹ፣ ወርዶ ሲጠይቀው። «አሁን ወደ ሥራ።»

ስዋሂሊ አጥርቶ ስለሚናገር ከመሸከም ዳነና አለቃም አስተርጓሚም ሆነ።

ዘመኑ ክፉ ነበር። የቶያ ወገን የሆነው የጊርያማ ሕዝብ ወጣቶች ለነጭ እርሻ ጉልበታችንን አንሰጥም፣ ከመሬታችንም አንነቃነቅም ብለው ምለዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት የወንዙን ካምፕ በመርዝ ፍላጻ መትተው ጫካ ገቡ። መንግሥትም መልሱን በእሳት ሰጠ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጎጆ ሁሉ አቃጠለ፤ ፍየሉን ነዳ፤ ዶሮውን በቅርጫት ሰበሰበ። ቀስተኞቹ ግን አልወጡም። የቶያ ታናሽ ወንድም ካሪሳም ከእነሱ ጋር ነው፤ ፍላጻ በመሥራት እጁ የተመሰከረለት ነው። ይህን ቶያ ለሻውሹ አልነገረውም። ሁልጊዜ ጠያቂ የሆነ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ እሱን የሚጠይቀው ሰው የለም።

ፀሐይ ጠንከር ስትል ከመንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት ብቅ አለች። የአገሩ ሴቶች የሚታጠቁትን ብዙ ንብርብር ያለው ነጭ አጭር ቀሚስ ታጥቃ፣ በራሷ ላይ የተጠበሰ ካሳቫ በቅርጫት ይዛለች። ቶያ ገና ከሩቅ አወቃትና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አልጠቀመውም።

«አንተ ያልተቀበርክ» አለችው ጮክ ብላ። «በመንግሥት ሰልፍ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«አንቺ ጅብ፣ ገና አለሽ?»

«እንዴት እሞታለሁ? አባትህን እየጠበቅሁ። ዘገየብኝ እኮ።»

አስካሪዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ተሸካሚዎቹ ግን ድካማቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። የዚህች አሮጊት፣ የንዬቩ፣ ወገንና የቶያ አባት ወገን ከጥንት ጀምሮ የሚሰዳደቡና የሚቃበሩ ናቸው። አንዱ ሲሞት ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ ሬሳውን የሚያነሣው፣ በለቅሶው መሐል ሟቹን የሚያማው ሌላው ነው። ስድባቸው አያስቆጣም፤ የቀሙትም አይመለስም። የቶያ አያት የሞቱ ጊዜ ንዬቩ ቀሚሷን ሰብስባ ከተቆፈረው ጉድጓድ ገብታ ተጋደመች። ዶሮ ካልተሰጠኝ አልወጣም አለች። አገር ቆሞ፣ ሬሳው በፀሐይ ላይ ሆኖ፣ የቶያ አባት ዶሮ ፍለጋ ግቢ ለግቢ ሲሯሯጡ ዋሉ። ዶሮዋን እስክትቀበል ድረስም ማንም ሰው ውጪ ብሎ አልተቆጣትም። ደንቡ ነው።

«አባቴ ደህና ናቸው?» አለ ቶያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቤታችሁ የተቃጠለ ለት ምንጣፉን ጠቅልሎ ካያ ገብቷል። ሌላው ሽማግሌ ሁሉ ሲወጣ እሱ ገባ። ብቻውን ነው።»

ካያ በጫካ መሐል የተደበቀው የአባቶች መንደር ነው። መሐላ የሚማለው፣ ዝናብ የሚለመነው እዚያ ነው። በበሮቹ ሥር በአንዱ ስፍራ፣ አገሩን ይጠብቃል የሚባለው ፊንጎ፣ የጥንት አባቶች ማሰሮ ተቀብሯል። የት እንደሆነ ግን ከሽማግሌዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም ይባላል። ቶያ በልጅነቱ ይህን በመጠየቁ ብቻ ስንት ኩርኩም እንደቀመሰ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ በአንድ ትልቅ ባኦባብ ዛፍ ሥር አረፉ። ብዋናው ሰዓቱን አውጥቶ አየ፤ በየጥቂቱ ነው የሚያየው። ስሙን የሚያውቅ ተሸካሚ የለም። በስዋሂሊ አጥርቶ የሚናገራት ቃል አንዲት ስለነበረች ብዋና ቶሎ-ቶሎ ይሉታል። አስካሪዎቹ ውሃ ሲጠጡ ቶያ ከመጨረሻው ሣጥን አጠገብ ቁጭ አለ። አንዷ ጣውላ ላላ ብላለች። ያላላት እሱ አይደለም፤ እንዲያው ጠጅ የሚቆርጥባትን ቢላዋ ጫፍ ሲያስጠጋባት ራሷ ነች ብድግ ያለችው።

ውስጡ የእንጨት ብናኝ ነው። በብናኙ ውስጥ በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ፣ የልጅ ክንድ የማያህሉ ቢጫ ዱላዎች ተደርድረዋል። አንዷን ነካ፣ ጨመቅ አደረገ፤ እንደ ሊጥ ለስለስ ትላለች። አሸተተ። ጣፋጭ ሽታ ነው። ሻማ ይሆን? የነጮች ጣፋጭ? መልሶ ጣውላዋን ገጠመና ላቡን በዚያው እጁ ከግንባሩ ጠረገ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄዱ ራሱን ያዘው። መጀመሪያ እንደ ጉንዳን፣ ከዚያ እንደ ሙቀጫ። በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ሁለት ሴቶች በየተራ በቆሎ የሚወቅጡ መሰለው።

ሻውሽ ፈረጀላ አጠገቡ መጥቶ ተራመደ።

«ራስህን ያምሃል?»

«ፀሐዩ ነው።»

«የአንተ አገር ፀሐይ ነው እኮ። ዛሬ ነው ያመመህ?» ሻውሹ ወደ ብዋናው ጀርባ አየት አደረገ። «የምድር ባቡሩ ሲሠራ ይህን ራስ ምታት አይቻለሁ። ዱላውን በእጁ የነካ ሁሉ ያመዋል። ከፍተሃል ማለት ነው።»

ቶያ ዝም አለ። ዝም ማለት ለእሱ ከራስ ምታቱ ይብስ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ድማሚት። ተራራ ሲያስቸግራቸው በዚህ ነው የሚሰነጥቁት።»

«እዚህ አገር ተራራ የለም።»

«የለም» አለ ሻውሹ። «የእናንተ ካያ አለ። መሐላው ከዚያ ነው የወጣው፤ ካያው ከፈረሰ መሐላውም ይፈርሳል ብለዋል። በወረቀት ላይ ሰው የለበትም ተብሎ ተጽፏል።»

ቶያ ወደ ኋላ ዞረ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲንከባከበው የነበረውን ሣጥን አየ። አጣናው በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ እየተለመጠ ወደ አባቱ ይሄዳል።

«ሰው አለበት» አለ። «አባቴ አሉበት።»

ሻውሹ የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ። «እንግዲያው ፍጠን፤ ቀድመህ ገብተህ አስወጣቸው» አለው። «የብዋና ሰዓት አባት የለውም።»

የካያው ጫካ ከሜዳው መሐል እንደ ጥቁር ደመና ጉብ ብሎ ይታያል። ወደ ውስጥ የምታስገባው አንዲት ጠባብ መንገድ ናት፤ በመንገዷ ላይ ሦስት የእንጨት በሮች አሉ። ቶያ ጫማውን አወለቀ፣ የመንግሥትን ሸሚዝ ገፎ በቁጥቋጦ ላይ ሰቀለ፤ ከመጀመሪያው በር ፊት ቆመ።

«ቶያ ነኝ፣ የካሉሜ ልጅ፣ የሂንዛኖ የልጅ ልጅ» አለ ጮክ ብሎ።

ከውስጥ መልስ የለም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ መጪው ስሙን ይናገራል፤ ውስጥ ያለው «በሰላም ነው?» ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ ቢዘንብበትም አንበሳ ቢመጣበትም አይገባም።

ብዋናው ሰዓቱን አወጣ። «ምን ይጠብቃል?»

«እስኪጠይቁኝ ነው ብዋና።»

«ማን?»

«አባቴ።»

ብዋናው ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት፣ ከጫካው ውስጥ በጣም የተረጋጋ የሽማግሌ ሳል ተሰማ። ቶያ አባቱ ሆን ብለው እያስጠበቁት እንደሆነ ገባው፤ ትንሽ ልጅ ሳለም ሲያጠፋ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

«በሰላም ነው?» አለ ድምፁ በመጨረሻ።

አዛውንቱ ካሉሜ በሦስተኛው በር ውስጥ፣ ከአሮጌዎቹ ጎጆዎች ፊት፣ በምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሰማያዊ ሽርጣቸውን አገልድመዋል። ከጎናቸው አንድ የውሃ ቅልና ምርኩዛቸው ብቻ ነው ያለው። ቶያ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሣጥኖቹን፣ ዱላዎቹን፣ ራስ ምታቱን ሳይቀር።

«ጣፋጭ ይሸታል አልክ?» አሉት።

«በጣም።»

«ቀምሰኸዋል?»

«ኧረ አልቀመስኩም አባዬ።»

«ቀምሰህ ይሆናል ብዬ ነው። እኔ ብሆን እቀምስ ነበር» አሉና ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። ካሪሳና ጓደኞቹ እዚሁ ናቸው። ቀና ብለህ እንዳታይ። ሠላሳ ቀስት በእነዚህ ዛፎች ላይ አለ። አስካሪ እጁን ቢያሳርፍብኝ ይለቃሉ። እነሱ ሲለቁ ጠመንጃው ይመልሳል። ሠላሳውም እዚህ ይቀራሉ።»

«እንግዲያው ራስዎ ተነሥተው ይውጡ።»

«ሽማግሌው ፈርቶ ሸሸ ሊባል? ያን ጊዜም ይለቃሉ፤ በእልህ። ልጆቹን ታውቃቸዋለህ።» ምንጣፋቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «መቃብሬ ይቺ ናት ብያቸዋለሁ። ከአፌ ወጥቷል። አሁን አንተ ውጣ።»

ቶያ ሲወጣ እንባውን ወይም ላቡን፣ የትኛው እንደሆነ እሱም አልለየውም፣ በክንዱ ጠረገ። በእጁ ላለመጥረግ ግን ተጠነቀቀ።

ብዋናው በበሩ አምዶች ሥር ጉድጓድ ማስቆፈር ጀምሯል። «ምን አለ?»

«አይወጡም ብዋና።»

«አራት ሰው ሂዱና አንሥታችሁ አምጡት» አለ ብዋናው። ነገሩ ቀላል ነበር የመሰለው።

አራት አስካሪዎች ወደ ፊት ወጡ። ከዛፎቹ ውስጥ አንዲት ወፍ ፉጨት አሰማች። ቶያ ያቺን ወፍ ያውቃታል፤ አብሯት ነው ያደገው። ካሪሳ ነው። ሻውሽ ፈረጀላ ምን እንደሰማ አይታወቅም፤ ብቻ ለአራቱ አስካሪዎች እጁን ከፍ አድርጎ አቆማቸው። ቶያ ዞር ዞር አለ፤ ሰው ፈለገ፤ ማንኛውንም ሰው። ከመንገዱ ዳር ጀምራ ካሳቫዋን እየሸጠች ሰልፉን የተከተለችው ንዬቩ ከኋላ ቆማ ጉድጓዶቹን እያየች ነበር።

«አንቺ ጅብ» አለ ሮጦ ደርሶባት። «አባቴ መቃብራቸው ውስጥ ተቀምጠዋል።»

«ሳይጠራኝ?»

«ሳይጠሩሽ።»

አሮጊቷ ጥቂት አየችው። ከዚያ ወደ ዛፎቹ አየች፤ ከዛፎቹ ወደ ጠመንጃዎቹ። የገባት ነገር ሁሉ በፊቷ ላይ አለፈ። ቅርጫቷን ለአንዱ አስካሪ አሸክማ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሩ ፊት ቆመች። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጮክ ብላ ተናገረች።

«በሰላም ነው?» አሉ ከውስጥ ካሉሜ፤ ድምፃቸው ተጠራጥሮ።

«በሰላም አይደለም። ሌባ ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ቶያ ተከትሎ ገባ። ሻውሹና ብዋናው ደግሞ ምን እንደሚሆን ለማየት እስከ ሦስተኛው በር ድረስ መጡ። ንዬቩ አዛውንቱ ፊት ደርሳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ምንጣፌ።»

«መቃብሬ ናት ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«እኔ ሳልቆፍር? እኔ ሳልለካ? የእናንተ ወገን ከመቼ ወዲህ ነው ራሱን በራሱ የሚቀብረው? ና ውጣ ከዚህ፤ የሬሳ ደላላ።» ሽማግሌውን በዳሌዋ ገፋ አደረገቻቸውና፣ እሳቸው ሚዛናቸውን ሲስቱ፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ዝርግት ብላ ተጋደመች። እጆቿን በደረቷ ላይ አጠላለፈች። «ዶሮዬን።»

ካሉሜ አፈር ላይ ቁጭ ብለው አዩዋት። መቆጣት አይችሉም፤ ማስነሣትም አይችሉም፤ ሰባ ዓመት ያከበሩት ደንብ ጎትቶ አፈር ላይ አስቀምጧቸዋል።

«ዶሮ የለኝም» አሉ።

«ዶሮ የሌለው ሰው ምን ሊሆን ይሞታል?»

«ዶሮዎቼን መንግሥት በልቷቸዋል።»

«እንግዲያው መንግሥት ሆድ ውስጥ ገብተህ ተቀበር። ይቺ ምንጣፍ የእኔ ናት።»

ያኔ ዛፎቹ ሳቁ። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ታፍኖ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሊይዙት ያልቻሉት ሳቅ ከዙሪያው ሁሉ ከቅጠሎቹ ውስጥ ፈነዳ። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ብዋናው ፊቱ ነጣ።

«ማን ነው የሚስቀው?»

«ጦጣዎች ናቸው ብዋና» አለ ቶያ። «በዚህ ወራት ይስቃሉ።»

ሻውሽ ፈረጀላ ሳቁ ከየት ከየት እንደመጣ በዓይኑ እየቆጠረ ነበር። ቆጥሮ ሲጨርስ አስካሪዎቹን አፈሙዝ ወደ መሬት አላቸው። ከዚያ ዶሮዎቹን ከያዘው ቅርጫት አንዲት ቀይ ዶሮ አስመጥቶ በእግሯ አንጠልጥሎ ለንዬቩ አሳያት።

«ይህቺን ውሰጂና ተነሺ።»

«የተሰረቀች ዶሮ መቃብር አትከፍትም» አለች አሮጊቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምን አለች?» አለ ብዋናው።

«የዶሮዋ ላባ አልተስማማኝም አለች ብዋና።»

ካሉሜ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ሽርጣቸውን አራገፉ። «የልጄ የዳማ ቤት ከወንዙ ማዶ ስላልሆነ አልተቃጠለም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለዛፎቹ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አንዲት ዶሮ አታጣም። ሰምታችኋል? ዕዳዬን ከፍዬ እመለሳለሁ። እስክመለስ ማንም በእኔ ስም ምንም ነገር እንዳያደርግ።» ከዚያ ወደ ንዬቩ ዞሩ። «ብትንቀሳቀሺ ወየውልሽ።»

«ሂድ አንተ ቀርፋፋ። ሳትሞት ተመለስ።»

ሽማግሌው ሦስቱን በሮች አንድ በአንድ አልፈው ወጡ። በአስካሪዎቹ መሐል ሲያልፉ ማንም አልነካቸውም፤ እሳቸውም ማንንም አላዩም። አንድ ሽማግሌ ዶሮ ፍለጋ እየሄዱ ነው፤ በዚህ የሚያፍር ጊርያማ የለም። ከዛፎቹም ፍላጻ አልወጣም። ቅጠሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተንቀሳቀሰ ወደ ጫካው ማዶ ሲርቅ ግን ቶያም ሻውሹም አይተውታል። ሁለቱም ለብዋናው አልጠቆሙትም።

ቀጥሎ ግን ያላሰቡት ችግር ተፈጠረ።

«አሁን ተነሺ» አላት ቶያ። «ሊያፈነዱት ነው።»

«ዶሮዬስ?»

«እማማ ንዬቩ፣ በፈጠረሽ።»

«እማማ አልከኝ? ነገሩ እንግዲህ ከብዷል ማለት ነው።» አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ዶሮ ሳልቀበል ከመቃብር አልወጣም። እናቴም አልወጣችም፤ አያቴም አልወጣችም።»

ብዋናው ሰዓቱን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ቶያ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አሰበ፤ ሁለቱ ሴቶች አሁንም ይወቅጡበታል።

«መቃብሩ ምንጣፉ ነው ብለሻል አይደል? መሬቱ አይደለም።»

«ምንጣፉ ነው።»

«እንግዲያው መቃብሩን ይዘሽ መውጣት ማን ከልክሎሽ?»

ንዬቩ ተነሥታ ተቀመጠች። ይህን ነገር አገላብጣ አየችው፤ የሚነቀፍ ነገር አጣችበት። «የካሉሜ ልጅ» አለች፣ «ከዛፍ ላይ ወድቀህ የማትሞተው ለካ እንዲህ ስለሆንክ ነው።» ምንጣፉን ጠቅልላ በራሷ ላይ አደረገችና፣ በብዋናው አጠገብ ስታልፍ የሰው ንብረት እንደያዘ ሰው ቀጥ ብላ ወጣች።

ድማሚቱ ሲፈነዳ ከሩቅ ሆነው በሆዳቸው ተጋድመው ነበር። ቶያ ዓይንህን ጨፍን ተብሏል፤ አልጨፈነም። ምድሪቱ አንዴ ወደ ላይ ተነፈሰች። የበሩ አምዶች እንደ ገለባ ተነሥተው በአየር ላይ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከዚያ የቅጠል ዝናብ። ስምንቱም ሣጥን ባዶ እስኪሆን ድረስ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ጎጆዎቹ ነደዱ። ብዋናው በማስታወሻው ላይ ካያው ተዘግቷል ብሎ ጻፈ፤ ሰዓቱንም ጻፈ።

ሰልፉ ሲመለስ ተሸካሚዎቹ ባዶ ሣጥኖቹን አነሡ። ቶያ ቦታውን ሊይዝ ሲል ሻውሹ በክርኑ ገታው።

«ባዶ ሣጥን አለቃ አያስፈልገውም» አለ። «ብዋና አስተርጓሚዬ የት ሄደ ካለኝ፣ ጦጣዎቹ ወሰዱት እለዋለሁ።» ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ። «ያቺ አሮጊት ባል አላት?»

«አራት ቀብራለች።»

«ይቅርብኝ» አለና ሄደ።

ጦርነቱ በዚያ ቀን አላበቃም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጎጆ ነደደ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ ካሪሳም በአንድ እግሩ እያነከሰ ነው የተመለሰው። በዚያን ቀን ግን በካያው ማንም አልሞተም።

ቶያ ብቻውን ወደ ፍርስራሹ ገባ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር እንደሚታወቀው ነው። በየበሩ ሥር የተከፈተውን ጉድጓድ በሆዱ ተኝቶ ፈተሸ፤ አፈሩን በጣቱ በረበረ፤ የማሰሮ ስባሪ፣ የጥንት ጨርቅ፣ ምንም ነገር ፈለገ። ሥርና ቀይ አፈር ብቻ ነው ያገኘው። ሦስቱንም ጉድጓድ ጨርሶ ጉልበቱን ሲያራግፍ፣ ውጭ፣ የመጀመሪያው በር በነበረበት ስፍራ፣ የሽማግሌ ድምፅ ሰማ።

«ካሉሜ ነኝ፣ የሂንዛኖ ልጅ፣ የምዋሪንጋ የልጅ ልጅ።»

አባቱ አንዲት ነጭ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ንዬቩ ምንጣፉን ተሸክማ። በር የለም፤ አምድ የለም፤ በዚያ በኩል ፍየል እንኳ ሰተት ብላ ትገባለች። ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሱም። ይጠብቃሉ።

ቶያ ዞር ብሎ አየ። ውስጥ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በሰላም ነው?» አለ።

«በሰላም ነው» አሉ ካሉሜ፤ ገቡም።

ዶሮዋን ለንዬቩ ሰጧት። እሷም ክብደቷን በእጇ መዝና፣ ደረቷን ነክታ፣ ከስታለች ብላ አጉረምርማ ተቀበለች፤ ምንጣፉን መለሰች። ሽማግሌው አመዱን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ምንጣፉን በዚያው በቀድሞው ስፍራ ዘረጉና ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የልጃቸውን ቀይ አፈር የለበሰ ጉልበትና ጥፍር አዩ።

«አገኘኸው?»

«ምኑን?» አለ ቶያ፣ ፊቱ ግሎ።

«አርባ ዓመት የጠየቅኸኝን።»

«አላገኘሁም አባዬ። ሦስቱንም ጉድጓድ አይቻለሁ። የት ነው ያለው?»

ካሉሜ በቀስታ ወደ ፍርስራሹ፣ ወደ ወደቁት ዛፎች፣ ቆመው ወደቀሩት ብዙ ዛፎች አዩ። ከቅሉ ውሃ ተጎነጩ።

«እኔም አላውቅም» አሉት። «አባቴንም ጠይቄ በኩርኩም ነው ያለፍኩት። እስቲ ቁጭ በል።»